ስልክ ያስጠፋሁበት የራያ ጉዞ

ከራያ ቆላ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሙቀቱ እንዴት ነው?» ይሞቃል። ይህን ካልኩ ዘንዳ ስለ ሌላው ልጻፍ። ከጎረቤቶቼ መካከል ወደዚያ የሚሄድ ይኖራል ብዬ አላስብም፤ እኔም ባልታዘዝ ኖሮ አልሄድም ነበር።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሥራዬ የግብርና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነው። መሥሪያ ቤታችን ለገበሬዎች በስልክ የሚደውል አንድ አገልግሎት ከጀመረ ዓመት ሆኖታል። ገበሬው ስልኩን ሲያነሣ የተቀዳ ድምፅ ስለ ዘር፣ ስለ ተምችና ስለ አየር ጠባይ ይነግረዋል። ድምፁ የእኔ ነው። የተመረጥኩት ድምፄ አምሮ ሳይሆን፣ በተቀዳበት ቀን ከቢሮው ሰው ጉንፋን ያልያዘኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። ዘንድሮ ደግሞ የልማት ሠራተኞች የየገበሬውን ማሳ የሚመዘግቡበት ታብሌት መጣ። ዐሥሩን ይዤ ቆቦ አካባቢ፣ ከሮቢት ወደ ውስጥ ገባ ብላ ወዳለች አንዲት ቀበሌ ሄጄ የሁለት ቀን ሥልጠና እንድሰጥ ታዘዝኩ። ወሩ ሐምሌ ነበር።

ሰኞ

ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት የደብረ ብርሃን መናኸሪያ በጉም ተሸፍኗል። ሁለት ሹራብ ለብሼ፣ በላዩ ካፖርት ደርቤ፣ ጋቢ ይዣለሁ። ባለቤቴ «ቆላ እኮ ነው የምትሄደው» አላለችኝም፤ እሷም እንደኔ ሐምሌ ማለት በየትኛውም አገር ብርድ ይመስላታል። ታብሌቶቹን በጋቢው ጠቅልዬ በጀርባ ቦርሳ ከተትኳቸው።

አጠገቤ የተቀመጡት ወደ ከሚሴ የሚሄዱ የበግ ነጋዴ ነበሩ። ወዴት እንደምሄድ ሲጠይቁኝ «ሮቢት» አልኳቸውና እንቅልፍ ወሰደኝ። ጣርማ በርን ወርደን ሙቀቱ ሲጀምር ትከሻዬን ነቀነቁኝ።

«ተነሣ፣ ሮቢት ደርሰሃል!»

ዓይኔን ስገልጥ ቦርሳዬን በመስኮት አውርደው ለአንድ ተሸካሚ ሰጥተውልኝ ነበር። ይህቺ ሸዋ ሮቢት መሆኗን፣ የእኔዋ ሮቢት ደግሞ ከወልድያ አልፋ ያለች መሆኗን እስካስረዳቸው ድረስ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ተሸካሚው ቦርሳውን ታቅፎ ከጎናችን ሮጠ። ነጋዴው ወገባቸው ድረስ በመስኮት ወጥተው ማንገቻውን ያዙና ጎትተው አስገቡት። ከዚያ በኋላ እስከ ከሚሴ አላናገሩኝም። ሲወርዱ ግን የገዙትን ሙዝ ግማሹን ጭኔ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ።

ኮምቦልቻ ምሳ በላን፣ ደሴ ላይ ዝናብ አገኘን፣ ሲመሽ ወልድያ ገባን። ታብሌቶቹን አንድ በአንድ አብርቼ አየኋቸው። ዐሥሩም ይሠራሉ። ዘጠኙ ቋንቋ ምረጥ ይላሉ፤ አንዱ ሙዝ ሙዝ ይሸታል።

ማክሰኞ

ከወልድያ በሚኒባስ ወጣሁ። ጎብዬ ላይ ጎማ ስለተነፈሰ ወርደን ቁርስ በላን። የካፌዋ ባለቤት ፊቴ ላይ የሚወርደውን ላብ አይታ ውሃ አመጣችልኝ፤ ቀጥላ ካፖርቴን አየች።

«ሰው ሞቶብህ ነው?» አለችኝ።

«አይ፣ ከደብረ ብርሃን ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው ስትመለስ ትወስደዋለህ» ብላ ካፖርቱን ተቀብላኝ ከብርጭቆው መደርደሪያ ጀርባ ሰቀለችው። ስሜን አልጠየቀችኝም። በዚህ ሰሞን ካፖርት ይዞ የሚያልፍ ሌላ ሰው እንደማይኖር ገብቷታል።

ከጎብዬ ወዲያ ምድሩ ሜዳ ነው። እኛ ዘንድ ዓይን ሩቅ ሳይሄድ ከባሕር ዛፍ ጋር ይጋጫል፤ እዚህ ግን ከምሥራቁ ተራራ እስከ ምዕራቡ ተራራ ድረስ ማሽላ ብቻ ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ግመል። ሌላም ልዩነት አየሁ። የእኛ ገበሬ ስለ ዝናብ ሲያስብ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል። የዚህ አገር ገበሬ የሚያየው ወደ ምዕራብ ነው፤ ወደ ደጋው ተራራ። ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ለገበሬ በስልክ ምክር የማነብ ሰው ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ።

ሮቢት ላይ የቀበሌዋ የልማት ሠራተኛ ዘይነባ ባጃጅ ይዛ ጠበቀችኝ። ሃያ ስድስት ወይም ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ገበሬዎቹን ሁሉ በስማቸው፣ ማሳቸውን በየወሰኑ ታውቃለች። ቀበሌዋ ውስጥ ሆቴል ስለሌለ አያ ሰይድ ቤት እንደማርፍ ነገረችኝ። አያ ሰይድ ስልሳ ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። የውሃ አባት ይሏቸዋል፤ ጎርፍ ሲመጣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚያጠጣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኳቸው በራቸው ላይ።

መልሱን ከመስጠታቸው በፊት ዘይነባን አዩ። «ይኸ ያ ድምፅ አይደለም እንዴ?»

«ነው አያ ሰይድ። ራሳቸው ናቸው።»

«ያ 'ውድ አርሶ አደር' እያለ የሚደውለው?»

«አዎን።»

አያ ሰይድ እጄን ጨበጡ፤ አለቀቁኝም። «ወአለይኩሙ ሰላም። ወንድሜ፣ እኔ ስልክህን ሳነሣ ሰላምታ እሰጥሃለሁ። ቤተሰብ ደህና ነወይ እልሃለሁ። ዘመኑ እንዴት ይዟችኋል እልሃለሁ። አንተ ተምች ትለኛለህ። ምን በድዬህ ነው?»

የተቀዳ ድምፅ መሆኑን በሰፊው አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እሱንማ ዘይነባ ነግራኛለች» አሉ። «ሲቀዱህስ ሰላምታ ብትጨምርበት ምን ነበረበት?»

ምሳ እስኪቀርብ የአንድ ዓመት ሰላምታ አወራረድን። ሚስቴን ጠየቁኝ፣ ልጆቼን በየስማቸው ጠየቁኝ፣ የአማቼን ጉልበት ሳይቀር ጠየቁኝ። የማሽላ እንጀራ በሽሮ በላን፤ ማሽላ እንጀራ ከእኛው ጤፍ ከበድ ይላል፤ ሦስተኛውን ስጨርስ መነሣት አልቻልኩም፤ አያ ሰይድ ግን አልበላህም ብለው ተቆጡ።

ከሰዓት በኋላ ታብሌቱን ለማሳየት የጎረቤታቸውን የሞላን ማሳ ልንመዘግብ ሄድን። ሞላ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ጥቂት የሚናገር ክርስቲያን ገበሬ ነው። ማሳው ከውሃው ቦይ መጨረሻ ላይ ነው። ማሽላው ከጉልበት በላይ ቢያድግም ቅጠሉ እንደ ሲጋራ ተጠቅልሏል።

«አንድ ጎርፍ ካገኘ ይተርፋል» አለኝ። «ካላገኘ ግን ይኸው ነው፣ እርስዎ እንደሚያዩት።»

ዘይነባ ታብሌቱ ላይ መሙላት ጀመረች። ስም፣ የማሳ ስፋት፣ የሰብል ዓይነት። «የውሃ ምንጭ» ሲል ቆመች። ምርጫዎቹ ዝናብ፣ ወንዝ፣ ጉድጓድና ምንጭ ናቸው።

«መምህር፣ ጎርፍ የለም» አለችኝ።

ፈለግሁት። ነበረ። ሁለት ገጽ አልፎ «የደረሰ አደጋ» በሚለው ሥር፣ ከበረዶና ከአንበጣ መካከል ተቀምጧል።

አያ ሰይድ ነገሩ ሲገለጥላቸው አልሳቁም። የራያን እርሻ ቀስ ብለው አስረዱኝ። እዚህ ሜዳ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ለማሽላ አይበቃም። የሚያበላቸው በምዕራቡ ደጋ ዘንቦ በደረቁ ወንዝ የሚወርደው ጎርፍ ነው። ወንዙን በአፈርና በእሾህ እየዘጉ ውሃውን ወደ ቦያቸው ይጠልፉታል። ጎርፉ ሳይደርስ ክተር የሚሉት ይህ የአፈር ግድብ መጠገን አለበት። ለዚህም ደጋው ላይ፣ ወንዙ አፋፍ ሱቅ ያለው ካሳው የሚባል ወዳጅ አላቸው። ውሃው ሲወርድ ካየ ይደውልላቸዋል፤ ከጥሪው በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ አላቸው።

«ድሮስ?» አልኩ።

«ድሮ ሰው ይሮጥ ነበር። ብዙ ጊዜ ጎርፉ ይቀድመዋል።»

ያን ቀን ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥተውልኝ ደጅ አደርኩ። ጋቢው ትራስ ሆነ።

ረቡዕ

ሥልጠናው በገበሬዎች ማሠልጠኛው አዳራሽ ተጀመረ። ዘይነባን ጨምሮ ከአጎራባች ቀበሌዎች የመጡ የልማት ሠራተኞች፣ እንዲሁም አያ ሰይድና ሞላን ጨምሮ የተመረጡ ገበሬዎች ተገኙ። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሥልጠና ስጀምር እንደማደርገው ጠመኔ አንሥቼ ሰሌዳው ላይ ደንብ ጻፍኩ። አንደኛው ደንብ «ስልክ ይጠፋ» ነበር።

አያ ሰይድ እጃቸውን አወጡ። «እኔም ላጥፋ? ካሳው ቢደውልስ?»

ታብሌቱን አየሁ። ለቆቦና አካባቢው ፀሐይ ሥሎ ነበር። «ዛሬ ዝናብ የለም፣ አያ ሰይድ» አልኳቸው።

ወደ ምዕራብ በመስኮት አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። አጠፉት። ሌሎቹም አጠፉ። ያጠፉት አምነውኝ ሳይሆን እንግዳ ስለሆንኩ ነው።

ትንበያው ትክክል ነበር። በዚያ ቀን ቆቦ ላይ አንድ ጠብታ አልወረደም።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ስለ ማሳ ወሰን አለካክ እየተናገርኩ ሳለ ከሩቅ ጉርምርምታ ተሰማ። በአስፋልቱ ላይ የሚያልፍ ከባድ መኪና መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ቀና ስል አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ወንበሮቹ ተገለባብጠዋል፤ ሁሉም ወደ ወንዙ ይሮጣል። እኔም ሮጥኩ።

ስንደርስ ቡናማ ውሃ ግንድ እያንከባለለ በወንዙ መሃል ያልፋል። ክተሩ በባለፈው ጎርፍ የተሸረሸረበት ቦታ ክፍቱን ነው፤ ያን ቦታ ለመዝጋት ሁለት ሰዓት ያስፈልግ ነበር። ውሃው የቦዩን አፍ በአንድ ክንድ ርቀት እያለፈ፣ አንዲት ጭልፋ ሳይሰጥ ወደ አፋር ምድር ወረደ። ሞላ ዳር ላይ ቆሞ ያያል። አልጮኸም፣ እኔንም አላየኝም።

ከዚያ ሰው ሁሉ ስልኩን አበራ። ያመለጡ ጥሪዎች መልእክት በየኪሱ ይንጫጫ ጀመር። ካሳው ለአያ ሰይድ ዐሥራ አንድ ጊዜ፣ ለሞላ አምስት ጊዜ ደውሏል። አያ ሰይድ መልሰው ደወሉ። የካሳው ጩኸት ከስልኩ ውጭ ይሰማል።

«ሞታችሁ ነው ወይስ ተኝታችሁ?»

«ሥልጠና ላይ ነበርን።»

«የምን ሥልጠና?»

አያ ሰይድ ወደ እኔ ዞር አሉ፤ ዓይናቸውን መለሱ። «የስልክ» አሉ።

ብዙ ጊዜ ተሰድቤ አውቃለሁ፤ በዚያች አንዲት ቃል የተሰማኝን ያህል ግን ተሰምቶኝ አያውቅም። ማንም አልወቀሰኝም። ወደ ቤት ስንመለስ አያ ሰይድ ስለ አማቼ ጉልበት እንደገና ጠየቁኝ።

ሲመሻሽ ሞላ በድስት ወጥ ይዞ መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኔ የሙስሊም እርድ እንደማልበላ አያ ሰይድ ስለሚያውቁ፣ ጠዋት የራሳቸውን ዶሮ ለሞላ ሰጥተው «አንተ ባርከህ እረድለት፣ ሚስትህ ትሥራለት» ብለውት ነበር። ሞላም አረደ። ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ እኔም እሱም ጾመኞች ነን።

«ረቡዕ መሆኑን ለአያ ሰይድ አልነገርካቸውም?» አልኩት በሹክሹክታ።

«በደስታ ነበር የሰጡኝ» አለ። «ለነገ ይቆይዎ።»

ውሃውን ያስመለጥኩበት ሰው ድስቱን መደብ ላይ አስቀምጦልኝ፣ ክዳኑን በድንጋይ ተጭኖ፣ ድመቷን አባሮ ሄደ። ብቻዬን ስቀር ድስቱን ሳይ ቆየሁ። ደብረ ብርሃን ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ይቆጣኝ ነበር፤ እኔም እመልስለት ነበር፤ ይቀለኝ ነበር።

ሐሙስ

ዶሮውን ለቁርስ በላሁ። ከዚያ ሰሌዳውን አጥፍቼ ሥልጠናውን ወደ ክተሩ ወሰድኩት። ስልኮች ሁሉ በርተዋል። ጠዋቱን ሙሉ የተሸረሸረውን ቦታ በእሾህና በድንጋይ ስንሞላ አረፈድን። አንድ ቦታ ግን ውሃው ሲደርስ ብቻ የሚዘጋ አፍ መተው አለበት፤ ለዚያ ብዙ ሰው ያስፈልጋል፤ ሰው ደግሞ በየማሳውና በየገበያው ተበትኗል።

ዘይነባ ጥላ ሥር ታብሌቱን እየነካካች ነበር። «መምህር፣ ለተመዘገቡት ገበሬዎች ሁሉ ሲደወል በእርስዎ ድምፅ ቦታ የሌላ ሰው ድምፅ ማስገባት ይቻላል?»

«ያለ ኃላፊ ፈቃድ አይቻልም።»

«ኃላፊው ማነው?»

አሰብኩ። ከደብረ ብርሃን እስከዚህ ድረስ የመጣ ኃላፊ እኔ ብቻ ነበርኩ። ፈቀድኩ።

ካሳው ተደወለለት፣ ድምፁ ሊቀዳ ነው ተባለ። ጉሮሮውን ጠራርጎ «እንዴት ሰነበታችሁ፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ አያ ሰይድ እንዴት ነዎት፣ ሞላ እንዴት ነህ» ብሎ ጀመረ። አያ ሰይድ አቋረጡት።

«ጎርፍ ሲወርድ ሰላምታ የለም። ወርዷል በል፣ በቃ።»



«ወርዷል!» አለ ካሳው። ዘይነባ ቀዳችው።

ስምንት ሰዓት ላይ እውነተኛው ጥሪ መጣ። ዘይነባ ታብሌቱ ላይ «ለሁሉም ደውል» የሚለውን ተጫነች። መጀመሪያ የአያ ሰይድ ስልክ ጮኸ፣ ቀጥሎ የሞላ፣ ከዚያ ከማሽላው ውስጥ፣ ከዛፍ ጥላ፣ ከማዶ መንደር በየአቅጣጫው ስልክ ይጮህ ጀመር። እየቆየ ሰው መጣ፤ አካፋ የያዘ፣ በሬ የሚነዳ፣ ሮቢት ገበያ ላይ ሰምቶ ከነሸቀጡ በባጃጅ የደረሰ። ከመጡት ውስጥ ዘይነባ ያልመዘገበችው አንድም አልነበረም።

ጉርምርምታው ሲሰማ ሁላችንም ውሃው የሚገባበት አፍ ላይ ነበርን። አያ ሰይድ በእጃቸው ያመላክታሉ፤ እኛ አፈርና ቅርንጫፍ እንጥላለን። ግንባር ቀደም ልሁን ብዬ ወደ ታች ወረድኩ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ያዘኝ። ግራ እግሬን ስነቅል ጫማዬ ቀረ፤ ቀኙን ስነቅል በፊቴ ተደፋሁ። ውሃው ደረቴ ጋ ሲደርስ አንድ እጅ አንገትጌዬን ጨመደደ።

«ያዝ! አንተ ሰውዬ፣ ያዝ እንጂ!» ሞላ ነበር። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» ሲለኝ ነበር የቆየው።

ክተሩ ያዘ። ውሃው ቆም ብሎ ያሰበ መሰለ፤ ከዚያ ወደ ቦዩ ታጠፈ። ሰዉ ጮኸ፤ እኔም ጮኽኩ፤ አንድ እግሬ ጫማ አልነበረውም። ውሃውን ተከትለን ከማሳ ወደ ማሳ ሄድን። አያ ሰይድ ሁሉንም በተራው እያጠጡ፣ የራሳቸውን ማሳ ዘለሉና ተራቸውን ለሞላ ሰጡት። ፀሐይ ስትጠልቅ ውሃው የሞላን ማሳ ነካ። መሬቱ ሲጠጣ ድምፅ አለው። ላይኛው ግማሽ ጠጣ። ከዚያ የቦዩ ውሃ ቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደና ቆመ።

ሞላ ውሃው የደረሰበት ድረስ በእግሩ ሄዶ ቆመ። ከፊቱ ያለው ደረቅ ነው።

«የትናንቱ ቢያዝ ኖሮ ይኸም ይጠጣ ነበር፣ አይደል?» አልኩት።

የሚያጽናናኝ መስሎኝ ነበር። «አዎ» አለ። «ይጠጣ ነበር።»

ዓርብ

አያ ሰይድ የልጃቸውን ጫማ አምጥተው አጫሙኝ፤ ሁለት ቁጥር ይሰፋል። ታብሌቶቹን ለዘይነባና ለባልደረቦቿ አስፈርሜ አስረከብኩ። ሞላ ሊሸኘኝ አስፋልቱ ድረስ መጥቶ ቦርሳዬን ሚኒባስ ላይ ጫነልኝ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ረዳቱ በሩን ዘጋው። ጎብዬ ላይ ካፖርቴ ብሩሽ ተመቶ ጠበቀኝ። ቅዳሜ ማታ ደብረ ብርሃን ስገባ ለበስኩት።

ሪፖርቱን ስጽፍ «ያጋጠመ ችግር» በሚለው ሥር «አሠልጣኙ ስልክ አስጠፍቶ ገበሬዎች ጎርፍ አምልጧቸዋል» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ሰረዘውና «የኔትወርክ መቆራረጥ» ብሎ ተካው። መልሼ ጻፍኩት። መልሶ ሰረዘው። ጎርፍ የውሃ ምንጭ ይሁን ያልኩት ግን ተቀባይነት አገኘ፤ አሁን በምርጫው ላይ «ጎርፍ (ጠቃሚ)» የሚል አለ።

ኅዳር ላይ ለሞላ ደወልኩለት። ከጀርባው የሰውና የከብት ድምፅ ይሰማል፤ አውድማ ላይ ነው። ሰላምታውን ሳንቸኩል ጨረስን። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሐምሌ ላይ በር የተዘጋበትን።

«የላዩ ጥሩ ነው» አለኝ። «የታቹን ከብቶቹ በሉት። ከብትም ይብላ እንጂ። አንተ ጋስ? ገብሱ እንዴት ነው ዘንድሮ?»

«እኔ ገብስ የለኝም።»

«ስንዴ ነው የዘራኸው?»

«እርሻ የለኝም፣ ሞላ። ደመወዝተኛ ነኝ።»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ምንም? አንዲት ጥማድም?»

«ምንም።»

«አብሽር» አለኝ፤ ከልቡ ነበር። «አላህም እግዜርም ያውቃል። አንድ ቀን ይሰጥሃል።»